ሰሙ የት ገባ?

ማሲንቆ ያለው አንድ ክር ብቻ ነው። ከፈረስ ጭራ የተሰበሰበ አንድ ክር፣ ከዚያው ጭራ የተበጀ አንድ ደጋን፣ ቆዳ የለበሰ አንድ የእንጨት ሣጥን፤ በቃ። አዝማሪው ጣቱን ክሩ ላይ ሲያሳርፍ ክሩን ተጭኖ ከእጀታው እንጨት ጋር አያጣብቀውም፤ ከጎኑ ነክቶት ብቻ ድምፁን ያሳጥረዋል። ስለዚህ ዜማው ከአንዱ ቃና ወደ ሌላው እንደ ደረጃ እየዘለለ አይወጣም፤ እንደ ወንዝ እየተንሸራተተ ይሄዳል እንጂ። በሁለት ቃናዎች መካከል ያለው ስም የሌለው ቦታ ሁሉ የማሲንቆ ነው። ትዝታ ሲዘፈን ሆዳችንን የሚያባባው ይኸው ስም የሌለው ቦታ ይመስለኛል።

ከእኛ እጅግ በራቀ ደሴት፣ በሃዋይ፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ጆሴፍ ኬኩኩ የሚባል ወጣት ጊታሩን ጭኑ ላይ አጋድሞ በክሮቹ ላይ ብረት ማንሸራተት እንደ ጀመረ ይነገራል። ጊታር በእጀታው ላይ የተደረደሩ የብረት እርከኖች አሉት፤ ጣት ክሩን ከእርከኑ ጋር ሲያጣብቀው ቃናው ይወሰናል። የሃዋዩ ወጣት ግን እርከኖቹን ተዋቸው። ብረቱ በክሩ ላይ ተንሳፍፎ ይሄዳል፤ ድምፁም አብሮት ይፈስሳል። ያ አጨዋወት ባሕር ተሻግሮ አሜሪካን አዳረሰ። እ.ኤ.አ. በ1931 እና በ1932 ደግሞ ጆርጅ ቢቻምና አዶልፍ ሪከንባከር አካሉ ከቀለጠ አሉሚኒየም አንድ ወጥ ሆኖ የፈሰሰ፣ የክሩን ንዝረት በማግኔት ተቀብሎ ወደ ድምፅ ማጉያ የሚልክ የጭን ጊታር አወጡ። ክብ አካልና ረጅም እጀታ ነበረውና ሰዉ «መጥበሻ» የሚል ስም አወጣለት። በገበያ ከተሳካላቸው የኤሌክትሪክ ጊታሮች የመጀመሪያው ይኸው መጥበሻ ነው።

የጭን ጊታርን ድምፅ መጀመሪያ የሰማሁት አዲስ አበባ፣ በተከራየኋት ክፍል ውስጥ፣ ከአንድ ያረጀ ካሴት ላይ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ሳዳምጥ ደጋኑን ጥሎ በጣት የሚመታ ማሲንቆ መሰለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ሐሳብ አልለቀቀኝም፤ ይህን መሣሪያ በአገሬ ሰው እጅ፣ ክሩን ቀንሼ ባሠራውስ? መጥበሻ ነው ተብሎ የለ! መጥበሻና ድስት ደግሞ ፍኖተ ሰላም ከገበያው ጀርባ ሲቀለጥ ከልጅነቴ ጀምሮ ጭሱን አይቻለሁ። ያላየሁት የአቅላጩን ቤት ውስጡን ነበር። እኛ ቤት ያ ቤት የማይገባበት ቤት ነበርና።

አያቴ መሪጌታ ነበሩ፤ በዋሸራ ቅኔ የሠለጠኑ። ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ለተማሪዎቻቸው ሰምና ወርቅን ሲያስረዱ ዘወትር የሚጠቅሱት አንጥረኛን ነበር። አንጥረኛው መጀመሪያ የሚፈልገውን ቅርጽ በሰም ያበጃል፤ ሰሙን በጭቃ ይሸፍነዋል፤ እሳት ሲያሳየው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በባዶው ቦታ የቀለጠ ወርቅ ያፈስስበታል። «ሰሙ ላዩ ነው፤ ወርቁ ውስጡ ነው» ይሉ ነበር። ቃላቸው እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ። ይሁንና ይህን የሚያስተምሩት አያቴ ሰም ሲቀልጥ በዓይናቸው አይተው የሚያውቁ አይመስለኝም። የእኛ ቤተ ሰብ ከቀጥቃጭ ቤት እሳት እንኳ አይጭርም ነበር። ጠይብ ይባላሉ፤ ቡዳ ይባላሉ፤ ዓይናቸው ይፈራል፤ ልጃቸው ለጋብቻ አይጠየቅም። ማረሻውን ከእነሱ እንገዛለን፤ እንጀራውን ግን ከእነሱ ጋር አንቆርስም።

አንባቢዬ ሆይ፣ ነገሩን ልብ በሉልኝ። የቅኔያችንን ትልቁን ስም የወሰድነው ከአንጥረኛ ምድጃ ነው። ስሙን ወስደን ሰውዬውን ከደጅ ተውነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት በ1859 ዓ.ም. ሴባስቶፖልን ሲያሠሩ፣ የአውሮፓ ሚሲዮናውያን ባለሙያዎችና ብዙ ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ተጨንቀው ያቀለጡት ያ 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝን መድፍ እስከ መቅደላ ሲጎተት፣ ቀልጦ ለፈሰሰ ብረት አገር በሙሉ ተነቃንቋል። ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ባለሙያ በሙያው እንዳይሰደብ አዋጅ አስነግረዋል። ነገር ግን አዋጅ ስድብን ከአፍ ያስቀር እንደሆነ እንጂ ከሆድ አያወጣም።

በ2011 ዓ.ም. ሁዳዴ እንደ ገባ ወደ ፍኖተ ሰላም ወረድሁ። ጊዜውን የመረጥሁት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ በጋው ደረቅ ነው፤ ብረት ለማፍሰስ እርጥበት ጠላት ነው። ሁለተኛ፣ በጾም ሰርግ የለምና የማማክረው አዝማሪ ሥራ ይፈታል።

አቅላጩ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቅንድባቸው በእሳት የሳሳ ሰው ናቸው። ወናፉን በኤሌክትሪክ ማራገቢያ ከተኩት ቆይተዋል፤ ከሰሉ ግን ያው ከሰል ነው። ሐሳቤን እስክጨርስ ዝም ብለው ሰሙኝና፣

«አንተ የመሪጌታ የልጅ ልጅ አይደለህም?» አሉኝ።

«ነኝ፣ አባባ።»

«እንግዲያው ሥራው ከመጀመሩ በፊት ምሳ እንብላ።»

ሽሮና እንጀራ ቀረበ። እጄን ታጥቤ ቆረስሁ። እሳቸው የመጀመሪያውን ጉርሻ ስውጥ እስኪያዩ ድረስ እጃቸውን ወደ ገበታው አልሰደዱም። ካዩ በኋላ በሉ፤ ስለዚህም ጉዳይ ዳግመኛ አልተነሣም።

የመሣሪያው አካል መጀመሪያ በእንጨት መቀረጽ ነበረበት። ለዚህ ወደ ቡሬ ሄድሁ። መንገዱ በማንኩሳ ያልፋል፤ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህን የወለዱባት ማንኩሳ። መኪናው ባለፈባት ቁጥር በመስኮት አሻግሬ ማየት ልማዴ ነው፤ ቤቶቹና ባሕር ዛፎቹ ሌላ ቦታ ካሉት ልዩነት የላቸውም፤ እኔ ግን የስለት ልጅ ሲያልፍ የማይ ይመስለኛል። ቡሬ የመንገድ መገናኛ ናት፤ አንዱ መንገድ ወደ እንጅባራና ባሕር ዳር ይወጣል፤ አንዱ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምቴ ይወርዳል። እዚያ አንድ አናጢ ከደረቀ ዋንዛ ቅርጹን አወጣልኝ፤ በአንድ ጫፉ 24 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጎድጓዳ ሣህን፣ ከሣህኑ የሚወጣ ጠፍጣፋ እጀታ፣ ጠቅላላ ርዝመቱ 79 ሳንቲ ሜትር። እኔ የምፈልገው 78 ነበር። አንዷን ሳንቲ ሜትር ያስጨመሩኝ አቅላጩ ናቸው። አሉሚኒየም ቀልጦ ሲፈስስ የያዘውን ቦታ ሲበርድ አይዞትም፤ ከመቶ አንድ ከሩብ ያህል ይሰበሰባል። «ትኩስ ብረት ሁሉ ከልኩ በላይ ነው፤ ሲበርድ ነው መጠኑን የሚያውቅ» አሉኝ። ስለ ሰውም የተናገሩ መሰለኝ፤ እሳቸው ግን ስለ ብረት ብቻ ነበር የሚናገሩት።

የሪከንባከር መጥበሻ ድፍን ነው፤ ድምፁን የሚያገኘው ከማግኔቱና ከማጉያው ነው። እኔ ግን መብራት በሌለበት ገጠር የሚሰማ መሣሪያ ነበር የፈለግሁት። ስለዚህ ከክራር ብልሃት ተዋስሁ። ክራር በድሮው የእንጨት ገበቴ ፈንታ የብረት ሣህን ከያዘ ቆይቷል፤ በሣህኑ አፍ ላይ ቆዳ ይወጠራል፤ የክሩን ንዝረት ብርኩማው ለቆዳው ያቀብላል፤ ቆዳው ከሣህኑ አየር ጋር ያስተጋባል። የእኛም መጥበሻ ጎድጓዳ የሆነው ቆዳ እንዲለብስ ነው።

ለማቅለጥ የመረጡት ያረጀ የመኪና ፒስተን ነበር። የድስት ስባሪ ለድስት ይሆናል፤ እንዲህ ላለ ቀጭንና ረጅም ነገር ግን ፒስተን ይሻላል፤ ውስጡ ሲሊኮን ስላለበት ሲቀልጥ ቀጥኖ እስከ ጥጉ ይሮጣል። ሲሊኮን የሚለውን ስም እኔ ነኝ ያመጣሁት፤ እሳቸው «ፒስተን እግር አለው» ነው የሚሉት። እናቴ እጀታው የተሰበረ የሽሮ ድስቷን ሰጥታኝ ነበርና እሱንም ለበረከት ብለን ጨመርነው።

አሸዋው ከሸክላ አፈር ጋር ተለውሶ በጥቂት ውኃ ይርሳል። እርጥበቱ ልክ መሆኑን የሚያውቁት በጡጫቸው ጨብጠው ነው፤ ጭብጡ ሲሰበር እንደ ዳቦ ለሁለት መከፈል አለበት። ከደረቀ ቅርጹ ይፈርሳል፤ ከረጠበ ደግሞ 660 ዲግሪ ያለፈው ብረት ውኃውን ባንዴ እንፋሎት ያደርገውና ይፈነዳል፤ ሰው ያቃጥላል። የዋንዛውን ቅርጽ በሁለት የእንጨት ሣጥን መካከል በአሸዋ ቀበሩት፤ ጠቀጠቁት፤ ሣጥኖቹን ለያይተው ቅርጹን ቀስ ብለው አወጡት። አሸዋው ውስጥ የቀረው ባዶ ቦታ ነው። ያን ባዶ ቦታ ተደፍቼ አየሁት። አያቴ ከዛፍ ሥር ሲያስተምሩት የነበረው ይህን ነበር።

መጀመሪያ የፈሰሰው ብረት እጀታው መሐል ሳይደርስ በረደ። አቅላጩ አልተናደዱም፤ ሰብረው መልሰው ወደ ምድጃው ከተቱት፤ አሸዋውንም እንደገና ጠቀጠቁ። በሁለተኛው ጊዜ አንድ መፍሰሻ በሣህኑ በኩል፣ አንድ መፍሰሻ በእጀታው ጫፍ አበጁና እሳቸውና ልጃቸው እኩል አፈሰሱ። ሁለቱ ጅረቶች መሐል ላይ ተገናኙ። እስኪበርድ ቡና ተፈላ።

አሸዋው ሲፈርስ የወጣው ነገር ጥቁርና ሻካራ ነበር። በሽቦ ብሩሽ ሲጠረግ ግን እጀታው ላይ ቀጫጭን መስመሮች ታዩ፤ ጎን ለጎን የሚሄዱ፣ አንድ ቦታ ላይ ጉጥ ዞረው የሚያልፉ። የዋንዛው ደም ሥር ነበር። እንጨቱ ከአሸዋው ከወጣ ቆይቷል፤ አሁን ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ጭረቱ ግን ሁለት ኪሎ በሚመዝነው ብረት ላይ ቀርቷል። በሞረድ ላስለቅቀው ወይ ብለው ጠየቁኝ። ይቅር አልኋቸው።

ያን ጊዜ ነው ስለ ሰም የጠየቅኋቸው። እሳቸው በአሸዋ ነው የሚሠሩት፤ አባታቸው ግን በሰም መስቀልና ጉትቻ ይሠሩ ነበር። የአያቴን ትምህርት ነገርኋቸው፤ ሰሙ ላዩ፣ ወርቁ ውስጡ።

ትንሽ አሰቡና፣ «እንዲያ እንኳ አይደለም» አሉ። «ሰም የሚደብቀው ነገር የለውም። አባቴ ሰሙ ላይ ጣታቸው ካረፈ፣ ነሐሱም ላይ ጣታቸው አለ። ሰሙ የት ገባ ብለህ ብትጠይቅ የትም አልገባም። ነሐሱ ሰሙን ሆነ።»

ይህን ቃል ከያዝሁት ዓመታት አልፈዋል፤ አሁንም አልጨረስሁትም። ቅኔ ስንፈታ ሰሙን እንደ ልጣጭ ነው የምናየው፤ ልጠን ጥለን ወርቁን ለማግኘት እንቸኩላለን። በምድጃው ዘንድ ግን ወርቅ ለብቻው ቅርጽ የለውም፤ መልኩን ያገኘው ከሰሙ ነው። ሰሙን ባበጀው ሰው አውራ ጣት ልክ ነው ወርቁ የተሠራ። ታዲያ መልካም ስንኝ ያለው ሰሙ ውብ ሲሆን ነው ማለት ነው፤ ሰሙ ግዴለሽ ከሆነ ወርቁም ጎባጣ ይወጣል። አያቴ ይህን ቢሰሙ ደስ ይላቸው ነበር እላለሁ። ለመስማት ግን ያን ደጃፍ መሻገር ነበረባቸው።

ቆዳውን ያለበሰልን ከከተማው ወጣ ብሎ የሚኖር ፋቂ ነው። ፋቂ የሚለውም ቃል በአገራችን ሙያ ብቻ ሆኖ አያውቅም፤ ስድብም ነው። የፍየል ቆዳ ነክሮ፣ ጠጉሩን ፍቆ፣ እርጥቡን በሣህኑ አፍ ላይ ወጥሮ በጠፍር ከሥር ጠለፈው። ሁለት ቀን በጥላ ደረቀ። በጣት ሲነካ እንደ ከበሮ መለሰ።

ክሮቹ ሦስት ናቸው። የተለመደው የጭን ጊታር ስድስት አለው፤ ብረቱ ሳይነካቸው ሁሉም ባንድነት ሲመቱ አንድ ሙሉ ኮርድ እንዲሰጡ ይቃኛሉ። በዚያ ኮርድ ውስጥ ሦስተኛው ቃና አለ፤ ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ትዝታችን ሁለት መልክ አለው፤ ሜጀርና ማይነር የሚባሉት። ሁለቱን ከሚለዩዋቸው ቃናዎች አንዱ ሦስተኛው ነው። እሱ በክር ከታሰረ መሣሪያው ገና ሳይዘፈን ከሁለቱ አንዱን መርጧል ማለት ነው። ስለዚህ ሦስተኛውን አስወጣነው። የቀሩት መነሻው ቃና፣ አምስተኛውና የመነሻው እጥፍ ናቸው። በእነዚህ ሦስት ትዝታም፣ ባቲም፣ አምባሰልም ይኖራሉ። አንቺሆዬ ብቻ አምስተኛውን ቃና በሙሉ መጠኑ አይቀበልም፤ አንቺሆዬ ሲዘፈን መካከለኛውን ክር አለመንካት ነው። ሁለቱን ቀጫጭን ክሮች ከብስክሌት ፍሬን ገመድ ፈትለን አወጣን፤ ወፍራሙ የተገዛ የጊታር ክር ነው። መቃኛዎቹ ወይራ ናቸው።

ከራስጌው ድጋፍ እስከ ብርኩማው ያለውን የክር ርዝመት 60 ሳንቲ ሜትር አደረግሁት፤ 60 ለብዙ ቁጥር ይካፈላልና። ግማሹ ላይ፣ 30 ላይ፣ የመነሻው እጥፍ ይገኛል። ሲሶው ላይ፣ 20 ላይ፣ አምስተኛው። ሩቡ ላይ፣ 15 ላይ፣ አራተኛው። 12 ላይ የሜጀሩ ሦስተኛ፣ 10 ላይ የማይነሩ። ስድስተኛው በአንዱ 24፣ በሌላው 22 ተኩል ላይ ነው። እንግዲህ በሁለቱ ትዝታዎች መካከል ያለው ርቀት በክር ሲለካ አንድ ቦታ ላይ ሁለት ሳንቲ ሜትር፣ ሌላ ቦታ ላይ አንድ ተኩል መሆኑ ነው። የሰው ሐዘንና ደስታ ከአውራ ጣት ስፋት ብዙም በማይበልጥ ቦታ እንደሚለያይ ሳየው ገረመኝ። ቦታዎቹን በእጀታው ላይ በሞረድ ጭረት ምልክት አደረግሁባቸው። ማንሸራተቻው የውኃ ቧንቧ ቁራጭ ነው።

አዝማሪው ከቡሬ ገጠር መጣ። ማሲንቆ ከአባቱ የወረሰ፣ ጊታር ግን በእጁ ይዞ የማያውቅ ሰው ነው። መሣሪያውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ክሮቹን ቃኘ። ከዚያ አስቀመጠው።

«ጾም ነው፣ ወንድም ዓለም። ልቃኝልህ እንጂ አልዘፍንም።»

እኔም ወደ አዲስ አበባ ተመለስሁ። መሣሪያው ከአቅላጩ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ፋሲካን ጠበቀ።

ፋሲካ ሚያዝያ 20 ቀን ዋለ። በዚያው ሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ አዝማሪው፣ ፋቂው፣ አናጢውና እኔ ከአቅላጩ ግቢ ተሰበሰብን። አዝማሪው ቧንቧውን በክሩ ላይ አሳረፈ፤ 10 ላይም 12 ላይም አላቆመም፤ በመካከላቸው አንድ ቦታ ላይ እያወዛወዘ ቆየ።

«ይህ ጭረት የማን ነው?» አለኝ ቀና ብሎ።

«የሒሳብ ነው።»

«እንግዲያስ ሒሳቡ ይዝፈና!»

ሁላችንም ሳቅን። ከዚያ ትዝታ ጀመረ፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ እስከ ዛሬ መናገር አልችልም። ድምፁ ከማሲንቆ የቀዘቀዘ፣ ከክራር የረዘመ ነበር፤ ሣህኑ ትንሽ ያንቃጭላል፤ ቆዳው ያን ቅጭልታ ያለሰልሰዋል። የእናቴን ድስት እያነሣ አሞገሰ፤ ትናንት ሆድ ስትሞላ የነበረች ዛሬ ሆድ አስባሰች እያለ።

ከአጥሩ ውጭ ሰው መሰብሰብ ጀመረ። ዘፈን ተሰምቷልና የዳግም ትንሣኤ ሰርግ ቀድሞ የገባ መስሏቸው ነው። ነገር ግን ያ መሣሪያ ማጉያ የለውም፤ ሦስት ክር፣ አንድ ቆዳ ነው። ከአጥሩ ማዶ የሚሰማው የአዝማሪው ድምፅ ብቻ ነበር፤ ክሩን ለመስማት መቅረብ ያሻል። መጀመሪያ ልጆቹ ገቡ። ከዚያ አንዲት ጋቢ የለበሱ እናት ደጃፉ ላይ ቆሙ፤ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ፤ አልሰማ ሲላቸው አንድ እርምጃ ገቡ፤ ቀጥሎ ሌላ አንድ። ከእሳቸው በኋላ ብዙ ሰው ገባ። ያ ግቢ ማረሻ ለማስመታትና ድስት ለመግዛት ካልሆነ በቀር ሰው የማይገባበት ግቢ ነበር። የአቅላጩ ልጅ በርጩማ አመጣ፤ በርጩማው ሲያልቅ የተገለበጠ ድስት አመጣ። ሁለት ሽማግሌዎች ግን እስከ መጨረሻው ከአጥሩ ውጭ ቆመው ቆዩ፤ መርቀው ሄዱ። ቡና ዞረ። አንዳንዱ ጠጣ፤ አንዳንዱ ጾም ባይኖርም «አልጠጣም» አለ። ነገሩ ይኸው ነው፤ ከዚህ የበለጠ ሆነ ብዬ ላስጌጠው አልሻም። አቅላጩ ምድጃቸው አጠገብ ተቀምጠው ግቢያቸውን የሞላውን ሰው አንድ በአንድ ያዩ ነበር። ያን ቀን ዓይናቸውን የፈራ ሰው አላየሁም።

መሣሪያው አመል አለው። ከጥላ ወደ ፀሐይ ሲወጣ መጀመሪያ ቀጭኑ ክር ይሞቅና ይላላል፤ ድምፁ ይወርዳል። ከቆይታ በኋላ አካሉ ሲሞቅ አሉሚኒየም ከብረት ክር እጥፍ ያህል ስለሚለጠጥ ክሩን ይወጥረዋል፤ ቆዳውም ደርቆ ይከተላል፤ ድምፁ ይወጣል። የሪከንባከር መጥበሻም በመድረክ መብራት ሙቀት ከቅኝቱ እየወጣ ተጫዋቾቹን ያስቸግር ነበር። በክረምት ደግሞ ቆዳው እርጥበት ይጠጣና ይረግባል፤ ብርኩማው ይሰምጣል፤ ክሩ ይላላል። አዝማሪው በክረምት ከምድጃው አጠገብ ካላሞቀው አይነካውም። ስለዚህም መሣሪያውን ወደ ቤቱ አልወሰደውም፤ ከአቅላጩ ግድግዳ ላይ ትቶት ሲፈልገው ይመጣል። ሲመጣ እሳት አጠገብ ይቀመጣል፤ ሲቀመጥ ምሳ ይቀርባል።

ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወዲህ ጦርነት ወደ ምዕራብ ጎጃም ደርሶ ያን መንገድ እንደ ልቤ አልሄድሁበትም። ፍኖተ ሰላም በግእዝ የሰላም መንገድ ማለት ነው፤ ስሙን በጠራሁ ቁጥር ወርቁ ከሰሙ ተለይቶ የቆመ ይመስለኛል። ስልክ አልፎ አልፎ ይገባል። ባለፈው ሲገባ አቅላጩ ደህና መሆናቸውን፣ ወናፉ ከተሰቀለበት ወርዶ ወደ ሥራ መመለሱን፣ መካከለኛው ክር መበጠሱን ነገሩኝ። አዝማሪው እስከዚያው በሁለት ክር እየተጫወተ አንቺሆዬ ብቻ ይዘፍናል አሉኝ፤ መካከለኛው ክር የማይነካባት እሷ ናትና። ቧንቧው አልጠፋም። ጭረቶቹ ላይ ግን ዝገት እንኳ ለማይነካው ብረት ጥላሸት ሞልቶባቸዋል፤ ሒሳቡ አይታይም፤ የዋንዛው ደም ሥር ግን በደንብ ይታያል።

ክሩን ገዝቻለሁ፤ ሦስቱንም። መንገደኛ እስካገኝ ከመጻሕፍቴ መካከል፣ በፖስታ ውስጥ ነው።